ጌጡ ሊቆርብ ነው

ባሌ የንስሐ አባት ስለሆኑ እኔ ስለማንም ሰው ኃጢአት የማውቀው ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አገሩ ሁሉ መምሬ አፈወርቅ የሰሙትን ማታ ማታ ለሚስታቸው የሚያወሩ ስለሚመስለው ነው። መምሬ የሰው ኃጢአት ቀርቶ ከገበያ የገዙትን የጨው ዋጋ እንኳ አይነግሩኝም። የማውቀውን የማውቀው እንደማንኛውም ሰው በዓይኔና በጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ እግዜር ይመስገን ገና ደህና ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስለቆጠርኩ መጻፍ አያቅተኝም። ሆኖም "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" እንዳልባል፣ እዚህ የማሰፍረው ሰው እያየና እየሰማ በጠራራ ፀሐይ የሆነውን ብቻ ነው።

ጌጡ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አብረን ስላደግን አንቱ አልለውም። በእኛ ደብር፣ በመንዝ ከሞላሌ ከተማ ወረድ ብላ ባለችው ኪዳነ ምሕረት፣ እንደ ጌጡ ያለ ጾመኛ የለም። ሁዳዴንና ፍልሰታን ተዉት፣ ያንን ማንም ይጾማል። ጽጌን የሚጾሙት ግን መነኮሳትና ጌጡ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ በሰው ደጅ ሲያልፍ አፍንጫው ንቁ ነው። የቅቤ ሽታ ከሸተተው ቆም ይልና "ደህና ዋላችሁ?" ይላል፤ ያ ሰላምታ ከእርግማን ብዙም አይሻልም። አንድ ዓርብ የቄስ ቤት ነው ሳይል የእኔንም ደጅ አሽትቶ ቆሟል። ለልጄ ልጅ የሚሆን አንቀልባ በቅቤ እያለፋሁ ነበር፤ ቆዳውን አውጥቼ እስካሳየው ድረስ አልሄደም።

ይህ ሁሉ ጽድቅ ታዲያ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የምትናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ ይስላል። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ዳማከሴ እየቀጠፍን እንልክለት ነበር፤ በኋላ ግን ሳሉ ከደረቱ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባንና መላኩን ተውነው።

ሳሉ የመጣው ትዕዛዙ ከሚባለው የማሳ ጎረቤቱ ነው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ጌጡ "ቢሮክራሲ" ተባለ። በደርግ ዘመን ለጥቂት ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን ሱቅ ቁልፍ ይዞ ስኳር አድሎ ነበርና ነው። ቢሮክራሲ ምን ማለት እንደሆነ ያኔም አልገባውም፣ አሁንም አይገባውም፤ መሬት እንደሚያስቆርስ ብቻ ገብቶታል። ከማሳዎቹ ሁሉ የሚወዳት፣ ገብስ የማትነፍገው ጥቁሯ አፈር ከመሐል ተከፈለችና ድንበሯ ላይ ድንጋይ ቆመባት። ግማሿ ለትዕዛዙ ተሰጠች። ትዕዛዙ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ከተወሰዱት አንዱ ነው፤ ሲመለስ ከአሮጊት እናቱና ከአንድ ብርድ ልብስ በቀር ምንም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ጌጡ ለትዕዛዙ እንደምን አደርክ ብሎት አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የአክስቴ ልጅ ባይሆን ኖሮ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በግልጽ እናገር ነበር።

አሁን ወደ ሚስቱ ወደ አልጣሽ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። አልጣሽና ጌጡ የተጋቡት በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ውል ነው። በእኛ አገር ብዙው ሰው እንዲያ ይጋባና፣ ልጅ አሳድጎ ዕድሜው ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ተያይዘው ይቆርባሉ። ከዚያ በኋላ መፋታት ብሎ ነገር የለም። አንዱ ብቻውን ልቁረብ ቢልም አይሆንም፤ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና ግማሹ ቆርቦ ግማሹ አይቀርም። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ አልጣሽ እግሯ ያብጥ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ "ልብሽ ደክሟል" አላት። "ከጌጡ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ባይደክም ነበር የሚገርመኝ" ብላ ሐኪሙን አሳቀችው። እኔ ቤት ስትመጣ ግን አልሳቀችም።

"ሸዋዬ፣ ሞቱን አልፈራም" አለችኝ። "ሳልቆርብ መሞቱን ነው የምፈራው።"

ለጌጡ ስትነግረው ወዲያው እሺ አለ። "እኔ እኮ ለመቁረብ የቀረኝ መቁረቡ ብቻ ነው" አለ፤ ይህን ያለው እኔ ፊት ነው። ሞላሌ ወጥቶ አዲስ ጋቢ ገዛ። ቀኑም ለጥር አስተርእዮ ማርያም ተቆረጠ፤ እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ሰው ሁሉ ፋታ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። አልጣሽ ቀኑ ሲቆረጥ እንደ ሙሽራ ፊቷ በራ።

ጌጡ ንስሐ ሊገባ መጣና ከመምሬ ጋር ከቤታችን ጓሮ ከገለባው ክምር ሥር ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ገብስ እለቅም ነበር። በሹክሹክታ የተባለውን አልሰማሁም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። የተጮኸውን ግን እኔም ሰማሁ፣ ውሻውም ሰማ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉትም ሳይሰሙ አይቀሩም።

"ትዕዛዙን?! እኔ ተበዳይ ነኝ እኮ አባቴ! ተበዳይ ሆኜ እኔው ታረቅ እባላለሁ?"

መምሬ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ጌጡ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣና፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ የራሱን ምስጢር ራሱ እየነገረ ቤቱ ገባ። መሸት ሲል ነገሩን የማያውቅ ቢኖር ሕፃን ብቻ ነው።

እንግዲህ መታረቁን ትቶ ሌላውን ሁሉ ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ ሙክቱን ሸጠና ለቤተ መቅደስ ቀይ መጋረጃ፣ ዳርዳሩ ወርቀ ዘቦ የሆነ፣ ገዝቶ አመጣ። መምሬ ጨርቁን ዳሰሱ፣ አመሰገኑ፣ መረቁት፤ ከዚያም "ትዕዛዙስ?" አሉት። ቀጥሎ በእግሩ ጻድቃኔ ማርያም ሄደና ሰንብቶ ጠበል በጀሪካን ተሸክሞ ተመለሰ። መምሬ ጠበሉን ጠጡ፣ ፊታቸውንም አበሱ፣ ጢማቸውንም ጠራረጉና "ትዕዛዙስ?" አሉት። በመጨረሻ ስግደት ያዘ። ሌት ተቀን ከመስገዱ የተነሣ ግንባሩ ላይ እንደ ጠቦት ቀንድ የምታህል እብጠት ወጣችበት። እሷን ለማሳየት ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሲመጣ መምሬ ገና ከሩቅ አዩትና፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ በዓይናቸው ብቻ ጠየቁት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በደጀ ሰላም ሳለ፣ ትዕግሥቱ አለቀ።

"አባቴ፣ ታዲያ አታምንም ሊሉኝ ነው? አምላክ አንድም ሦስትም መሆኑን አምናለሁ። ከድንግል መወለዱን አምናለሁ። ሙታን እንደሚነሡ አምናለሁ። ምን ቀረኝ?"

"ይህንንማ ዲያብሎስም ያውቀዋል ልጄ" አሉ መምሬ። "ከአንተም ከእኔም አብልጦ ያውቀዋል። መምህር ቢጠፋ ቆሞ ሊያስተምርልን ይችላል።"

"እኔንና ዲያብሎስን አንድ አደረጉን?"

"ኧረ አላልኩም። ዲያብሎስ ጽጌን አይጾምም።"

ሰው ሳቀ። ጌጡ አልሳቀም፤ አልጣሽም አልሳቀችም። ዳገቱን ስንወጣ እኔን ተደግፋ ነበር፣ በየእርምጃው እየቆመች። ጌጡ ከፊት ከፊት እየተነጫነጨ ይሄዳል።

"ጌጡ" አለችው ከኋላው። "ስለ እግዜር የምታምነው ነገር ብዙ ነው። እግዜርን ግን አታምነውም። ብታምነውማ በመጋረጃ አታባብለውም ነበር።"

ዞር ብሎ አያትና ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። እኔ በልቤ መምሬ በየበዓሉ ከሚያስተምሩት ሁሉ ይህቺን አስበልጬ ያዝኳት፤ ለመምሬ ግን አልነገርኳቸውም።

ጌጡ አሰበ አሰበና የመንዝ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ነገሩን ወደ ሙግት ወሰደው። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አለ። አያ ፈንታና ሌሎች ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከወይራው ጥላ ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ካቡን ተደግፈን ዳር ያዝን። ትዕዛዙም ተጠርቶ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ዝምተኛ፣ ከወንበር ይልቅ መሬት የሚወድ ሰው። ጌጡ መሐል ቆመ፣ ዱላውን ተከለ፣ ጋቢውን ወደ ብብቱ ሸጎጠ።

"እኔ ይቅር ለማለት ተዘጋጅቻለሁ" አለ። "እርቁ ይፈጸም ዘንድ፣ ትዕዛዙ ደንጊያውን ተሸክሞ ደጄ ይምጣ።"

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበደለው ሰው ፊት ያጎነብሳል። ተበዳዩ "ይቅር ለእግዚአብሔር" እስኪለው ድረስ አያወርድም። ጌጡ የጠየቀው ይህንን ነው።

"አያ ጌጡ ደስ ካላቸው ልሸከም፤ ደንጊያ አይከብደኝም" አለ ትዕዛዙ። "በደሌን ብቻ ይንገሩኝ። መሬቱን ሸሽጌ አልወሰድኩት፣ ቀበሌ ለክቶ ሰጠኝ። ባይሰጠኝ እናቴን ይዤ እለምን ነበር።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አንተስ ትዕዛዙ፣ በጌጡ ላይ ቅሬታ አለህ?" አሉት።

ትዕዛዙ መሬት መሬት አየ። "የለኝም" አለ።

ያን ጊዜ አልጣሽ ካቡን ተደግፋ ተነሣች። "እሱ የለኝም ካለ እኔ አለኝ" አለች።

"ተናገሪ" አሉ አያ ፈንታ።

"የትዕዛዙ እናት እማማ አመተሥላሴ ያረፉ ዕለት ይህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ደወሉን ሰምቷል፤ ሬሳው በደጃችን ሲያልፍ አይቷል። እኔ ብቻዬን ወረድኩ። ሰው 'ጌጡስ?' ሲለኝ 'አሞታል' አልኩ። ከመቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ፣ ቄሱ ፍትሐት እያደረሱ፣ ዋሸሁ።" ትንፋሽ አጠራትና ትንሽ ቆየች። "እኔ ልቆርብ ነው ብዬ ነጠላ አጥቤ ተቀምጫለሁ። ይህንን በልቤ ይዤ እንዴት ልቅረብ?"

እኛ ዘንድ ሰው ከጠላቱ ጋር ይካሰሳል፣ ይሟገታል፣ ዱላም ይማዘዛል፤ የጠላቱ እናት የሞተች ዕለት ግን ወርዶ አፈር ያለብሳል። ከቀብር መቅረት ከሁሉም ይብሳል። ደግሞም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቀንበሩን ሲጠርብ የመጥረቢያው ድምፅ እስከ መቃብሩ ድረስ ይሰማ ነበርና። ማናችንም ግን ትንፍሽ አላልንም፤ ለእንዲህ ያለ ጾመኛ ሰው ማን ደፍሮ ይናገራል። ጌጡ ዱላውን ነቀለና ለማንም ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከአልጣሽ ነው። አልበላም፣ አልተናገረም፣ አልሰገደም። ከበጎቹ ጋር ወጥቶ ይውላል፣ መሸት ሲል ይገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ገና አለፈ፣ ጥምቀትም ደረሰ። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ጌጡ ያልተከተለበት ዓመት ቢኖር ያ ብቻ ነው። የአልጣሽ እግር እየባሰበት ሄደ፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። እኔም ተናደድኩ። የአንድ ሰው ኩራት ሴቲቱን ሳትቆርብ ሊገድላት ነው እንዴ ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መምሬን "ምን ይሻላል?" ብላቸው "ሰውየው እየሠራ ነው፣ ተዪው" አሉኝ። ከበግ ጥበቃ በቀር ሲሠራ ያየሁት ነገር ስላልነበረ ጭራሽ በእሳቸውም ተናደድኩ።

የጥምቀት ማግስት፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ፣ የአያ ፈንታ ሚስት ኮከብ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋን ጥላ እየጮኸች ተመለሰች።

"ጌጡ የድንበሩን ደንጊያ ነቀለ! ኧረ ጌጡ የድንበሩን ደንጊያ ነቀለ!"

ይህንን ጩኸት የሰማ የመንዝ ሰው ምክንያት አይጠይቅም። የድንበር ድንጋይ ተነቀለ ማለት ደም ሊፈስ ነው ማለት ነው። ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ወጣ። አያ ፈንታ ካፖርታቸውን አዛብተው ቆልፈው፣ ሚሊሻው ጠመንጃውን ይዞ ጫማውን ረስቶ፣ መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው ሮጡ። "ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው፤ እኔስ ያን ዕለት ነው የፈራሁት!" ይላል አንዱ፣ "ትዕዛዙን ገደለው!" ይላል ሌላው። እኔም ነጠላዬ እየወደቀ ከኋላ ከኋላ ሮጥኩ፤ ስሮጥ የማስበው ግን ስለ ትዕዛዙ አልነበረም፣ ስለ አልጣሽ ነበር።

ትዕዛዙ ደጅ ስንደርስ ጌጡ እዚያ ነበር። ከአጥሩ በር ፊት ሁለት እጥፍ ሆኖ አጎንብሷል። ቀበሌ ያቆመው ድንጋይ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የተከለው፣ አፈሩ እንዳለ ጫንቃው ላይ ነው። አዲሱ ጋቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

አያ ፈንታ ከድንጋጤያቸው ሲመለሱ ንዴት ያዛቸው። "አንተ ሰው! አገሩ ደንጊያ ሞልቶት፣ የምትሸከመው አጥተህ የድንበር ደንጊያ ትነቅላለህ?"

"ሌላው ቀለለኝ" አለ ጌጡ ከታች።

ትዕዛዙ ለበሬው ድርቆሽ ይሰጥ ነበር መሰለኝ፣ እጁ ሣር በሣር ሆኖ ወጣ። የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ከዚያ ያጎነበሰውን ሰው አየ።

"እናትህን አልቀበርኩም" አለ ጌጡ። "ደወሉን እየሰማሁ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።"

"ያውርዱት አያ ጌጡ፣ ወገብዎን" አለ ትዕዛዙ ፈጥኖ። "እኔ ይቅር ካልኩዎት ቆየሁ።"

"መቼ?"

"የእናቴ ተዝካር ዕለት። እሷም ሳትሞት 'ለጌጡ ቂም እንዳትይዝ፤ መሬት ሲቆረስ ያማል' ትለኝ ነበር።"

ድንጋይ እንደተሸከመ የሚቆጣ ሰው ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጌጡ አንገቱን በድንጋዩ ሥር አጣሞ ትዕዛዙን ቀና ብሎ አየው።

"ሳልጠይቅህ?"

"ሳይጠይቁኝ።"

"ሳልክስህ?"

"ሳይክሱኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?!"

"አልመጡማ" አለ ትዕዛዙ።

የጌጡ ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሰው ሁሉ አሁን ያወርዳል ብሎ ጠበቀ፣ እሱ ግን አላወረደም።

"እንዲህማ አይሆንም። ሁለት በግ ልስጥህ።"

"በግ አለኝ።"

"ማሳህን ልረስልህ።"

"በሬም አለኝ፤ ይኸው ድርቆሽ ሲበላ።"

"ሰውየው ይቅር ብሎሃል፣ አውርድ!" አሉ አያ ፈንታ።

"ምን አደረግሁለትና ነው የማወርደው?" አለ ጌጡ፤ አንዱ እግሩ ተንሸራቶ ጉልበቱ መሬት ሊነካ ደረሰ። ሊያግዙት ቀረብ ያሉትንም "አትንኩኝ!" አላቸው። ሚሊሻው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጁን ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል።

አልጣሽ ያን ጊዜ ነው የደረሰችው። ዳገቱን ብቻዋን፣ በዱላ፣ እየቆመች ነው የወጣችው። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከባሏ ፊት ቆማ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፤ ለመናገር ትንፋሿን ጠበቀች።

"ጌጡ፣ ሰውየው ይቅር ብዬሃለሁ እያለህ ነው። እመነው።"

ጌጡ የትዕዛዙን ፊት ረዥም ጊዜ አየ። ምን እንደፈለገበት አላውቅም፤ የተደበቀ ቂም ይሆናል፣ ወይም ሳቅ። ሁለቱንም ያገኘ አይመስለኝም። ከዚያ ትከሻውን ለቀቀ። ትዕዛዙ በአንድ ወገን ተቀበለውና ድንጋዩ ከሁለቱ መሐል ወረደ፤ የአያ ፈንታን እግር ለጥቂት ሳተ። ጌጡ ቀና ማለት አቅቶት እዚያው ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ትዕዛዙም ጉልበቱን ስሞ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ አልጣሽን ደግፌ ነበር፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ስለነበር የትኛው እንደሚያንቀጠቅጣት አላወቅሁም።

ድንጋዩን የመለሱት ሁለቱ ተጋግዘው ነው። አያ ፈንታ አብረው ወረዱ፤ እርቅ ከወረደ በኋላ የሚመጣን ጠብ ብዙ አይተዋልና። እንዳሉትም "ወደዚህ አምጣው" "ኧረ ወደዚያ ነበር" መባባል ጀምረው ነበር። የሚገርመው ጌጡ ወደ ራሱ ማሳ ሲያስጠጋው፣ ትዕዛዙም ወደ ራሱ ማሳ ይስበው ነበር፤ እያንዳንዱ ለሌላው ሊያስፋ። አያ ፈንታ "ጉድጓዱ እዚህ አፉን ከፍቶ እያለ ምን ያከራክራችኋል!" ብለው ተቆጥተው አስተከሉት።

እዚህ ላይ ጨርሼ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ጌጡ ግን ጌጡ ነው። የአስተርእዮ ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ደጃችን መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባቴ፣ እኔ አልቆርብም" አላቸው መምሬን።

እኔ ብሰማውም ባልሰማውም ግድ አልነበረውም። እኔም ሰምቼ፣ በእጄ ይዤው የነበረውን ሰፌድ ከነገብሱ ጣልኩት።

"ምን ሆንክ ደግሞ?" አሉ መምሬ።

"እስከ ዛሬ አለኝ ያልኩት ሁሉ የለኝም። መጋረጃውን ሳየው ያሳፍረኛል። ጾሜንም ሳስበው፣ ለካ እየጾምኩ የሰውን ጉድለት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በፊት ደፋር ነበርኩ፤ አሁን ፈራሁ። ነገ ልቅረብ ብል ባዶ እጄን ነኝ። ምን ይዤ ልምጣ?"

መምሬ ዳዊታቸውን ዘጉ። በሕይወቴ ከዚያ ይልቅ ቀስ ብለው ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

"አፍህን ይዘህ ና" አሉት።

"አፌን?"

"አፍህን። እዚያ የሚሰጥህ አለ፣ አንተ ትቀበላለህ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።"

"ጾሙንስ... ልተወው?"

"ማን ተው አለህ? የምትወደው ሰው ሲጠራህ አትሮጥም? ትሮጣለህ እንጂ። እስከ ዛሬ ግን ትሮጥ የነበረው እንዲጠራህ ነበር። ተጠርተሃል። በል ሂድና አልጣሽን ብርዱ ሳይመታት አስገባት፤ ነገ በጠዋት ነው።"

ጌጡ መስቀሉን ተሳልሞ ሄደ። መምሬ ደግሞ ዳዊታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፣ ምንም እንዳልተናገረ ሰው። እኔ የወደቀውን ገብስ ከመሬት ለቀምኩ።

በማግስቱ ጌጡና አልጣሽ በአንድ ነጠላ ተከናንበው ከመቅደሱ በር ፊት ቆሙ። ትዕዛዙ የአልጣሽን ዱላ ይዞላት ከዳር ቆሞ ነበር። እኔ ከእነሱ ቀጥዬ ስለነበርኩ ከጎን አየዋለሁ። መምሬ ሥጋ ወደሙን ይዘው ሲወጡ ጌጡ አፉን ከፈተ። ከሚገባው በላይ ከፈተው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን አስግጎ፣ እናቱን እንደሚጠብቅ የወፍ ጫጩት። የጎደሉት መንጋጋዎቹ ሳይቀሩ ታዩ። ያ የሰውን ጓዳ ሲያሸት የኖረ ኩሩ ሰው፣ እንዲህ ሆኖ ሳየው ሳቄ መጣብኝና ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። አልጣሽም ተቀበለች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ወደ ዳር ወጣች፣ ባሏም ክንዷን ይዞ ተከተላት።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። መምሬ ከፊቴ ቆሙ። ነጠላዬን አወረድኩና እኔም አፌን ከፈትኩ።